መወልወያዬን ያነሳሁ ዕለት

በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግኩህ፣ ዛሬ ግን ከእኔ ቀድመህ ለሸበትከው ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ ደረቅ ሳል ተወህ ወይስ አሁንም ክፍል ውስጥ በተማሪዎችህ ፊት ያዋርድሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት፣ ወገቧ ተሻላት? ልጆቹስ? እናታችንስ እንዴት ናት? ዓይኗ ጨርሶ ደከመ ብለኸኝ ነበር፤ ሰውን በድምፁ ትለያለች? እህል ይወርድላታል? ሌሊት ትተኛለች? አንድ በአንድ ጻፍልኝ። «ሁላችንም ደህና ነን» ብለህ እንደ ቴሌግራም አትዝጋብኝ።

እኔን ከጠየቅኸኝ፣ እንደ ወጉ «ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ» ልልህ ነበር። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን ይጽፉልኝ የነበሩ ሰዎች ሁሉ እኔ ሳልላቸው ይህንኑ ይጽፉ ነበር። አሁን ግን እስክሪብቶውን የያዝኩት ራሴ ነኝ። ውሸቱን ፊደል በፊደል ራሴ መልቀም ሲኖርብኝ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም። ፈርቻለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ብቻህን ሆነህ አንብበው። ለእናታችን የምታነብላት መጨረሻ ላይ ያለውን ሰላምታ ብቻ ነው።

በጽሕፈቴ መጣመም አትሳቅ። አንተ ትምህርት ቤት የገባህ ዓመት እኔ ሰው ቤት ገባሁ። አንተ ደብተር ስታስምር እኔ የሰው ወለል አሻሽ ነበር። ይህን ለወቀሳ አላነሳሁትም። አይ፣ ለወቀሳ ነው ያነሳሁት፤ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ምን አስዋሸኝ። ፊደል ያስቆጠረችኝ የጣቢያችን ትኬት ቆራጭ ናት፤ ልጄ የምትሆን ሴት። በባቡርና በባቡር መካከል ባለችው ክፍተት መስኮቷ ሥር ቆሜ እንደ ተማሪ ስትጮህብኝ ሁለት ዓመት ሆነን። ያለ ማንም እርዳታ መጀመሪያ ያነበብኩት አጥሩ ላይ የተሰቀለውን ቀይ ሰሌዳ ነው። «ሐዲዱን ማቋረጥ ክልክል ነው» ይላል። ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አቧራውን ስጠርግለት ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ያን ቀን ከደስታ ብዛት ሳህን የሚያህል ሰሌዳ አቅፌ ልስም ምንም አልቀረኝም። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

የምሠራበትን ቦታ በደንብ ነግሬህ አላውቅም። የከተማው ቀላል ባቡር የሚያልቅበት የዳር ሰፈር ጣቢያ ነው። ከዚህ ወዲያ ሐዲድ የለም፤ ወደ ማዶዎቹ ሰፈሮች የሚሄድ ሰው ከባቡር ወርዶ አውቶቡስ ይይዛል። ችግሩ ባቡሩ ሰው የሚያራግፈው በዚህ በኩል፣ አውቶቡሱ የሚቆመው በወዲያኛው በኩል መሆኑ ነው። በመካከላቸው ሁለተኛው ሐዲድ አለ። ለመሻገሪያ የብረት ድልድይ ተሠርቷል፤ አርባ ስድስት ደረጃ ወደ ላይ፣ አርባ ስድስት ወደ ታች። የምወለውለው እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩን አልሳሳትም። ሊፍት አለው፤ ግን የሠራበትን ቀን የሚያስታውስ የለም። በሩ ላይ የተለጠፈው «በጥገና ላይ» የሚለው ወረቀት ራሱ ጥገና ያስፈልገዋል።

የሰዓት ሰሌዳው አውቶቡሱ ባቡሩ በገባ በአምስት ደቂቃ ይነሳል ይላል። ይህን ያወጣው ሰው ጉልበቱ ጤነኛ፣ እጁም ባዶ መሆን አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሽማግሌ፣ ሸክም ያለበት ሰው በአምስት ደቂቃ ያን ድልድይ ወጥቶ አይወርድም። ያ አውቶቡስ ካመለጠ ደግሞ የሚቀጥለው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት አንዲት ነርስ አውቶቡሱ ዓይኗ እያየ ጥሏት ሲሄድ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አየኋት። በማግስቱ ባቡሩ ሲገባ ከመሳፈሪያው ጫፍ ቆምኩና መወልወያዬን ጨርቁን ወደ ላይ አድርጌ አነሳሁት። ለአውቶቡሱ ሾፌር «ቆይ» ማለቴ ነበር። ቆየ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። መወልወያው ከተነሳ አውቶቡሱ ይጠብቃል፤ የመጨረሻው ሰው ሲሻገር ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ይሄዳል። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልከለከለኝም። ፊሽካ ከአፉ ስለማይጠፋ እኛ ሠራተኞቹ ፊሽካ የምንለው የጣቢያው ኃላፊማ «የተሳፋሪ አቤቱታ ቀንሷል» ብሎ ስብሰባ ላይ በራሱ ስም ተመስግኖበታል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን «ነይ»፣ «ሂጂ»፣ «አንሺ»፣ «አስቀምጪ» ስባል ኖሬ ያን የሚያህል አውቶቡስ በእኔ ክንድ ይቆም ጀመር። ተሳፋሪው «ጄኔራሏ» ይለኛል። ስሙን ያወጣችልኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። ይህቺ ሴት በየጠዋቱ የተማሪ ዩኒፎርም ጠቅልላ በባቡር የምትመጣ፣ ማዶ ላለው ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ ምላሷ እንደ መቀሷ የሰላ ሰው ናት። ከባቡሩ ስትወርድ «ጄኔራሏ፣ ጦሩ ይዝመት?» ትላለች። እኔም «ዝመቺ፣ አንቺን የሚማርክ የለም» እላታለሁ። ጓደኛዬ ናት ማለት ይቻላል። ሌላ ጓደኛ የለኝም።

አሁን የሚከብደኝ ቦታ ደረስኩ። እኔ ከምቆምበት አሥር እርምጃ ፈቀቅ ብሎ የቆሻሻ ጋሪ የምናሳልፍበት የሠራተኛ በር አለ። በእሱ ከወጡ በቀጥታ ሐዲዱን አቋርጦ አውቶቡሱ ጋ ነው። መቀርቀሪያው ከተሰበረ ቆይቷል። ሁለት ጊዜ ለፊሽካ ነገርኩት። ሁለቱንም ጊዜ «እሺ እማማ፣ ይያዝልኝ» አለኝ። ምን ላይ እንደያዘው እንጃ።

ልክ የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ፣ ባቡሩ ዘግይቶ ገባ። መወልወያዬን አነሳሁ። ባለ ቆቡ የአውቶቡስ ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ጄኔራሏ! ልሂድ ወይስ እዚሁ ጡረታ ልውጣ?» ብሎ ጮኸ። እኔም ወደ እሱ ዞር ብዬ «አንተ ጡረታ ስትወጣማ አውቶቡሱ እልል ይላል!» አልኩት። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እኔ ስስቅ ታውቃለህ አይደል፣ እንባዬ እስኪመጣ ነው፤ ከስንት ዓመት በኋላ መሰለህ። ወንድሜ፣ ጀርባዬን ለሐዲዱ ሰጥቼ፣ መወልወያዬን እንዳነሳሁ፣ እየሳቅኩ ነበር።

እነዚህ ባቡሮች በኤሌክትሪክ ነው የሚሄዱት፤ ሲመጡ አይሰሙም፣ የሚጮኹት ሲቆሙ ነው። የፍሬኑን ጩኸት ሰምቼ ስዞር ከባቡሮቹ ማደሪያ ባዶውን የመጣ ባቡር በሁለተኛው ሐዲድ ላይ ቆሟል። በሠራተኛው በር የወጣችው ልብስ ሰፊዋ ሐዲዱ ዳር ወድቃለች። ጥቅልሏ ተፈቶ ትንንሽ ሰማያዊ ሸሚዞች ሐዲዱን ሞልተውታል። ለአንድ አፍታ የወደቁት ልጆች መሰሉኝ። ሰው እየሮጠ ወደ እሷ ሲሄድ እኔ እግሬ ከመሬት ተጣበቀ። እጄ ገና እንደተነሳ ነበር። ትኬት ቆራጯ መጥታ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቅቃ ነው መወልወያውን የተቀበለችኝ።

አልሞተችም። ዳሌዋና አንድ እግሯ ነው የተሰበረው። «አልሞተችም» እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ልቤ ግን አይሰማኝም። ከዚያ ወዲህ ፊሽካው በተነፋ ቁጥር ክው እላለሁ። ከላይ ያለ ነገር ለማውረድ እጄን ማንሳት ፈራሁ፤ ስኳሬን ከመደርደሪያው አውርጄ ወለል ላይ አስቀምጬዋለሁ። ባቡር ሲገባ ወደ ዕቃ ቤት እገባና በሩን እዘጋለሁ። ጨለማው ውስጥ ባልዲዎቹ መካከል ቆሜ ፍሬኑን እስክሰማ እቆጥራለሁ። መቁጠርስ ከድሮም እችል ነበር።

በአራተኛው ቀን ፊሽካ ወደ ቢሮው ጠራኝ። በሩን ዘጋ። ወንበር ሰጠኝ፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «እማማ፣ ለአጣሪዎቹ የሚሆን የአንቺን ቃል አዘጋጅቼልሻለሁ፤ አንቺ ምንም አትቸገሪ» አለኝና ወረቀቱን ከፊቴ አደረገ። ከጎኑ የአሻራ ቀለም አስቀመጠ። ክዳኑን ራሱ ከፈተልኝ። እኔ ግን ከኪሴ መነጽሬን አወጣሁ። «መነጽሩ ለምን ያስፈልጋል? አውራ ጣትሽን እዚህ ጋ ብቻ» አለኝ። «ጣቴ የት እንደሚያርፍ ልየው እንጂ ልጄ» አልኩት። ከዚያ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ማንበብ ጀመርኩ። ፊቱ ሲለዋወጥ ብታየው! ወረቀቱን እስክጨርስ ሁለት ባቡር ገብቶ ወጣ። እሱም አልተቀመጠም፤ መሐረቡን አውጥቶ አንገቱን ይጠርግ ነበር።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤ በዕለቱ ወለል ከመወልወል በቀር ምንም አላደረግኩም፣ ለማንም ምንም ምልክት አልሰጠሁም፣ የሠራተኛው በር ተዘግቶ ነበር፣ ተጎጂዋ በራሷ ፈቃድ ከፍታ ገባች። አንብቤ ስጨርስ «በሩ መቼ ተዘግቶ ያውቃል?» አልኩት። ያን ጊዜ ተቀመጠ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እማማ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። ይህ ወረቀት እኔን ብቻ አይደለም የሚያድነው፤ አንቺንም ነው። መወልወያ አነሳሁ ብትዪ ነገ እዚህ የለሽም። ባለ ቆቡም የለም። እሷ እንደሆነ አንዴ ወድቃለች» አለኝ። ላስብበት ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ይዤ ወጣሁ። ግድግዳውን ተደግፌ ነው ደረጃውን የወረድኩት።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ጥፋቱ የራሷ ነው ከተባለ ድርጅቱ አያሳክማትም። ሐኪሞቹ ዳሌዋ ሌላ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት የስፌት መኪናውን ከእንግዲህ በእግሯ አትረግጥም ብለዋል። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ እኔ ከሥራ እባረራለሁ። የምኖርባት ክፍል ከጣቢያው ጀርባ ያለች የሠራተኛ ክፍል ናት፤ ሥራው ሲሄድ አብራ ትሄዳለች። ከዚያም በላይ ፖሊስ አለ። ትኬት ቆራጯ «በቸልተኝነት ጉዳት ማድረስ» የሚባል ክስ እንዳለ ነገረችኝ። ልታስፈራራኝ ብላ አይደለም፤ ሳልጠይቃት አልነገረችኝም።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ እሑድ ዕለት፣ ሆስፒታል ሄድኩ። በሩ ላይ ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በሦስተኛው ስገባ ከስታ፣ ፊቷ የትራሱን ጨርቅ መስሎ አገኘኋት። «መጣሽ ጄኔራሏ? ጦሩ ተመታ» አለችኝ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ የአልጋውን ብረት ብቻ እዳብስ ጀመር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አጣሪዎቹ የላኩት ሰውዬ መጥቶ ጠይቆኝ ነበር። ምንም ምልክት አላየሁም፣ በገዛ እግሬ ነው የሮጥኩት አልኩት። አንቺን ምን ሊያደርጉሽ ነው? ሌላ የሚቀሙሽ የለሽ፣ መወልወያሽን ሊቀሙሽ ነው» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ዳሌዋን ወጋትና አቃሰተች። «አይተሽው ነበር እንዴ ታዲያ?» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «መወልወያው ሲነሳ እኮ ሐዲዱን መሻገር ሁልጊዜ ደህና ነበር» አለች።

እግሯ የሚድንበትን ገንዘብ ለእኔ ብላ ጥላዋለች ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ አውራ ጣቴን ቀለም ማስነካት ብቻ ነው የሚቀረኝ። የእሷ ውሸትና የፊሽካ ውሸት ገጥሟል፤ መጋጠሚያውን የማንም ሰው ዓይን አያይም። ከሆስፒታሉ ስወጣ ይበልጥ ፈራሁ። እስከዚያ ድረስ የምፈራው ሌላ ሰውን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የገዛ አውራ ጣቴን ፈራሁ። ሌሊት ከብርድ ልብሱ ውስጥ ጨብጬው ነው የምተኛው።

የራሴን ቃል ራሴ ጻፍኩት። አንዲት ገጽ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መወልወያውን እንዳነሳሁ፣ ለምን እንደማነሳው፣ ሁሉም እንደሚያውቅ፣ በሩ ክፍት እንደነበረ፣ ሁለት ጊዜ እንደተናገርኩ ጻፍኩ። ባለ ቆቡ የጠበቀው እኔ ስላስጠበቅኩት ነው አልኩ። ጀርባዬን ሰጥቼ እየሳቅኩ እንደነበርም ጻፍኩ። ያንን መስመር ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት፤ ሁለት ጊዜ መልሼ ጻፍኩት።

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ዋናው መሥሪያ ቤት አጣሪዎቹ ፊት እቀርባለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሁለቱም ወረቀቶች አሉ፤ የፊሽካም የእኔም። እኔን አንተ ታውቀኛለህ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠ ሰው ሳይ ምላሴ ይደርቃል፤ «እሺ ጌታዬ» ከማለት ሌላ አልተማርኩም። እዚያ ስደርስ እጄ ያንኛውን ወረቀት እንዳያወጣ እፈራለሁ። ስለዚህ የጻፍኩትን ቃል ግልባጭ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሃለሁ። የፖስታ ሳጥኑ ከትኬት መስኮቱ አጠገብ ነው። ባቡሩ ላይ ሳልወጣ እከተዋለሁ። አንዴ ከገባ ወዲያ አልመልሰውም። አንድ የእናቴ ልጅ እውነቱን በእጄ ጽሕፈት አንብቦ ሳለ እኔ ሌላ ነገር ላይ አሻራዬን ማኖር አልችልም። ምክር እንድትሰጠኝ አይደለም የጻፍኩልህ፤ መልስህ ሲደርስ ነገሩ ያለቀ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን እጠይቅሃለሁ። ሰው ቤት ከገባሁበት ቀን ጀምሮ አንተን የጠየቅኩህ ነገር ካለ አስታውሰኝ። እንግዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። ክፍሌን ከወሰዱብኝ፣ ከዚያ የባሰውንም ፈጣሪ ከያዘልኝ፣ እናታችን ክፍል ውስጥ አንዲት ፍራሽ የሚዘረጋበት ቦታ አለ? ካለ አለ በለኝ። ከሌለም የለም በለኝ፤ ዙሪያ ጥምጥም አትጻፍልኝ። ሌሊት ስትነሳ ውኃ የሚሰጣት ሰው ያስፈልጋታል። ወለሉንም እወለውላለሁ፤ እሱ መቼም አይረሳኝም።

የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ። «ልጅሽ ደብዳቤ በገዛ እጇ ጻፈች» በላት። ማን አስተማራት ካለችህ ባቡር በላት፤ ትስቃለች። ለባለቤትህ በተለይ ሰላም በልልኝ፤ ባልዲ ስታነሳ ወገቧን ሳይሆን ጉልበቷን ትጠፍ፣ የሙያዬን ነው የምነግራት። ትልቋን ልጅህን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ትምህርቷን የሚያስተጓጉል ሰው ቢመጣ፣ አንተም ብትሆን፣ ለእኔ ትጻፍልኝ። መንትዮቹን እኩል ሳማቸው፤ አንዷን አስቀድመህ እንዳታጣላኝ። በራፋችሁ ላይ የሚተኛውን ያን ሰነፍ ድመትም አትርሳው፤ እሱ ቦታ ካገኘ እኔ አላጣም ብዬ ነው።

ይህን የምጽፈው መሳፈሪያው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከከተማ የመጣው ባቡር አሁን ገባ። ሰው እየወረደ ነው። አዲስ ልማድ ገና አልያዙም መሰለኝ፣ ሁሉም እጄን ያያሉ። እጄ ላይ ያለው ይህ ወረቀት ብቻ ነው። አውቶቡሱ ሳይጠብቃቸው ሄደ። የሠራተኛው በር ላይ ሰንሰለት ታስሯል፤ አንዳንዱ ግን አሁንም በዓይኑ ይለካዋል። ከተማ የሚወስደኝ ባቡር የሚነሳው ከወዲያኛው በኩል ነው። በድልድዩ ነው የምሻገረው፣ አርባ ስድስት ወደ ላይ፣ አርባ ስድስት ወደ ታች፣ ቀስ ብዬ።

የማትስቀው ታላቅ እህትህ

ከመጨረሻው ጣቢያ፣ ከፖስታ ሳጥኑ አጠገብ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል